ጫማችንን ያወለቅንበት ቤተ መንግሥት

ከክፍላችን ተማሪዎች ለጥናት ጉዞ ከአባቷ ጋር የሄደች እኔ ብቻ ነኝ። ይዤው ሄድኩ ማለት እንኳ ይከብደኛል፤ አባቴ ራሱ ነው የመጣው። የምነግራችሁ ባለፈው ስፕሪንግ ብሬክ፣ በጸደይ የትምህርት ዕረፍት፣ ግራናዳ በምትባል የስፔን ከተማ፣ ኮረብታ ላይ በተሠራ ቤተ መንግሥት ውስጥ በአንድ ጠዋት የሆነውን ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ሳን ሆዜ፣ እኛ ከምንኖርበት ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ወደዚያ ልውሰዳችሁ።

ስሜ ረድኤት ነው። አሜሪካ ስመጣ አሥር ዓመቴ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምንኖረው በአንዲት አሮጊት ባክያርድ፣ በጓሯቸው ውስጥ ነው። ድሮ የመኪና ማቆሚያ የነበረውን ጋራዥ በግድግዳ አስከፍለው፣ ምድጃና መታጠቢያ አስገብተው አከራዩን። እንዲህ በሰው ግቢ ውስጥ ተጨምሮ የሚሠራ ትንሽ ቤት እዚህ «ኢን-ሎው» ይባላል። ወደ ቤታችን የምንገባው የአሮጊቷን የአጥር በር ከፍተን፣ በሎሚ ዛፋቸው ሥር አልፈን፣ መስኮታቸው ጋ ስንደርስ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። አባቴ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ይሠራል። እናቴ ከእኛ ብዙ በማይርቀው ኒውአርክ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። እሁድ እሁድ ሦስታችንም ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ፦ መምህር ሲጠይቀኝ መልሱን ከማሰቤ በፊት መስማት የሚፈልገው ምን እንደሆነ የማስብ። በዚህ ዘዴ ጥሩ ውጤት እያመጣሁ ኮሌጅ ደረስኩ። በቤታችን ስምምነት ነርሲንግ ልማር ነበር። አንደኛ ዓመት ላይ ግን የሥነ ሕንጻ ታሪክ የሚባል ኮርስ ወሰድኩና ነገሬ ሁሉ ተለወጠ። ባስ ውስጥ ተቀምጬ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ቤት ማየት ጀመርኩ፤ በሩ ወዴት እንደዞረ፣ ፀሐይ በየት እንደሚገባው። አንድ ቀን እራት ላይ ሜጀሬን ወደ አርክቴክቸር መቀየር እንደምፈልግ ተናገርኩ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። እሱ መልስ ነበረው።

«ሰው መታመሙን አያቆምም» አለ። «ቤት ግን አንዴ ከተሠራ ተሠራ። ሁለተኛ ማን ይፈልግሻል?»

ነገሩ በዚሁ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው የስፔኑ ጉዞ የመጣው። መምህራችን ፕሮፌሰር ማርሲያ ከክፍሉ ጥቂት ተማሪዎች መርጣ ስትወስድ እኔን ጨመረችኝ። ለአባቴ ስነግረው ይከለክለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «መልካም» ብሎ ወጣ። እንዲህ በቀላሉ መልካም ማለቱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከደስታዬ የተነሣ አልጠረጠርኩም።

ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ሻንጣዬን አስረክቤ፣ ፍተሻውን አልፌ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን ሳለ አባቴን የመሳፈሪያው በር ጋ አየሁት። የቆዳ ጃኬቱን ለብሷል፤ በእጁ በፕላስቲክ የታሸገ ቆሎ ይዟል።

«አባዬ፣ ልትሸኘኝ እንዴት እዚህ ድረስ አስገቡህ?»

«መሸኘት ምን ያደርጋል» አለና ቦርዲንግ ፓሱን አውጥቶ አሳየኝ።

«ለፕሮፌሰሯ ነግረሃታል?»

«አሁን እንነግራታለና። የሰው ልጅ ይዛ ባሕር ስትሻገር ወላጅ አብሮ ቢመጣ ደስ ይላታል እንጂ ምን ትላለች?»

ፕሮፌሰር ማርሲያ ረጅም፣ ፀጉሯን አጠር አድርጋ የተቆረጠች ሴት ናት። አባቴ በሁለት እጁ ጨብጦ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና በእንግሊዝኛው አረጋጋት፤ የራሱ ሆቴል እንዳለው፣ ከኋላ ከኋላ እንደሚሄድ፣ ማንንም እንደማይረብሽ። እሷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና «ቆሎው ለሁላችን ይበቃል?» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባቴ የጉዞው አባል ሆነ። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው መቀመጫ አስለውጦ አጠገቤ ተቀመጠ። መብራት ሲደበዝዝ እውነተኛውን ነገር አወጣው።

«ስሚ ረድዬ። እናትሽ ነርሲንግ ትላለች፣ እኔም የምለው እሱን ነው። ግን ሳላይ አልፈርድም። እዚያ ሄደሽ ስለ አንድ ቤት ትናገሪያለሽ አይደል?»

«አዎ፣ እያንዳንዳችን ፕሬዘንቴሽን አለን። ቦታው ላይ ቆመን።»

«እኔም ቆሜ እሰማለሁ። ከገባኝ፣ በይ ቀጥዪ እልሻለሁ፤ እናትሽንም እኔ እነግራታለሁ። ካልገባኝ ግን በፎል፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ነርሲንግ ትመዘገቢያለሽ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።»

«ከገባህ ማለት?»

«ከገባኝ ነዋ። ስለ ቤት ተምረሽ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ማስረዳት ካቃተሽ፣ ምን ተማርሽ ይባላል?»

ፍርዱ ልክ መሰለኝ። ልክ ስለመሰለኝም ፈራሁ። ለአባቴ «እሺ» ካልኩ እሺ ነው፤ በቤታችን ያለ ምርቃት የተጀመረ ነገር እንደማይሰምር አውቃለሁ፣ ደግሞም አምናለሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ያሉት የፕሬዘንቴሽኔ ካርዶች ደግሞ የተጻፉት ለእሱ አልነበረም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ግራናዳ ኮረብታ ላይ አልሃምብራ የሚባል የሙሮች ምሽግ አለ። ሙሮች ከተማዋን ለብዙ መቶ ዓመታት የገዙ ሙስሊሞች ናቸው። በቀይ ግንቡ ውስጥ ቤተ መንግሥቶቻቸው፣ ፏፏቴዎቻቸው፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ግድግዳቸው አለ። በኋላ ክርስቲያኖቹ ከተማዋን ያዙ። ከእነሱ የተወለደ ሌላ ንጉሥ ደግሞ እዚያው ምሽግ መካከል በዘመኑ የጣልያን ሞድ፣ ሬኔሳንስ በሚባለው አሠራር፣ ትልቅ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራ። ቦታ በዕጣ ስንከፋፈል ለሌሎቹ ፏፏቴና አትክልት ደረሳቸው፤ ለእኔ ይሄ ደረሰኝ። ቪቪያን የምትባል የኩፐርቲኖ ልጅ ዕጣዬን አየት አድርጋ «ሳጥኑ ደረሰሽ» አለችኝ። ሳጥን ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፕሮፌሰር ማርሲያ ራሷ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነበር የጠራችው። ስለዚህ ካርዶቼ ላይ የጻፍኩት ምን እንደሆነ ትገምታላችሁ። ድል ያደረገ ንጉሥ በተሸነፉት የአትክልት ቦታ መካከል የጣለው ሳጥን ነው፣ ቦታውን አበላሽቷል፣ አይመጥነውም። መምህሬ ደስ እንዲላት ብዬ ከእሷ ይልቅ ጠንከር አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

በዚያ ጠዋት ኮረብታውን በእግር ወጣን። መንገዱ በትልልቅ ዛፎች የተከበበ ነው፤ ግራና ቀኙ በድንጋይ ቦይ ውኃ ይወርዳል። እኛ ከፊት፣ አባቴ እንዳለውም ከኋላ። እኔ ካርዶቼን በልቤ እደግማለሁ። የምሽጉ በር ጋ ስንደርስ ፕሮፌሰሯ ቆማ ስታስረዳ አባቴ ደረሰብኝ።

«ይሄ ግንብ የማነው?» አለ በቀስታ።

«የሙሮቹ።»

«ያንቺስ ቤተ መንግሥት?»

«ውስጥ ነው። ያ የክርስቲያኑ ንጉሥ የሠራው።»

«በእነሱ ግቢ ውስጥ?»

«አዎ።»

ቆሎውን እያኘከ አሰበ። «ታዲያ ኢን-ሎው ነዋ» አለ።

ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ነገሩን አሰብኩት። እኔ ስለ ሬኔሳንስ ልናገር፣ እሱ ስለ ጋራዥ እያሰበ ነው። በምንም መንገድ አይገባውም፣ አልኩ በልቤ።

በሩ ውስጥ መንገዱ ታጥፎ ታጥፎ ያወጣል። ከዚያ ትንሽ ሄድ እንዳልን ቤተ መንግሥቱ ፊታችን ቆመ። አራት ማዕዘን ነው። የታችኛው ግድግዳ ሆን ተብሎ ሻካራ በተተወ ትልልቅ ድንጋይ ተሠርቷል፤ በግድግዳው ላይ አንበሶችና ንስሮች በአፋቸው የሰው ክንድ የሚያህል የብረት ቀለበት ነክሰዋል። አባቴ አንዱን ቀና ብሎ አየ።

«ፈረስ ማሰሪያ ነው?»

«ለጌጥ ነው ይላሉ።»

«ይሄን የሚያህል ቀለበት ለጌጥ» አለና ራሱን ነቀነቀ። ፈተናውን ገና ሳልጀምር ነጥብ የቀነሰብኝ መሰለኝ።

በምዕራቡ በር ገባን። መጀመሪያ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ መተላለፊያ ነው። ከዚያ በድንገት ብርሃን። ከውጭ አራት ማዕዘን የነበረው ቤት ውስጡ ክብ ነው። ዙሪያውን በአምድ ላይ የቆመ ሰፊ በረንዳ ይዞረዋል፤ በላዩ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሱም በአምድ፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም፣ ሰማይ ብቻ። መካከሉ ክብ የድንጋይ ሜዳ ነው። ገና ጠዋት ስለነበር ሰው አልበዛም። የነበሩትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

ቀጥሎ ያደረግሁትን እኔ አላየሁትም፤ ያየችው ቪቪያን ናት። «ኦ ማይ ጋድ፣ ረድኤት» የሚል ሹክሹክታ ስሰማ እግሬን አየሁ። ባዶ እግሬን ቆሜያለሁ፤ ጫማዎቼ በእጄ ናቸው። ከመግቢያው ወደ ቀኝ ዞሬ፣ ከግድግዳው ተጠግቼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አድርጌያለሁ። ደንግጬ ቀና ስል ከሜዳው ማዶ፣ በግራ በኩል፣ አባቴ ቆሟል። እሱም ጫማውን አውልቆ ከአምዱ ሥር አስተካክሎ አስቀምጦታል። አውሮፕላን ላይ የሰጡንን ሰማያዊ ካልሲ አድርጎ፣ ነጠላ እንደለበሰ ሰው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ሊያማትብ ነበር።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ሁለታችንም ምን እንዳደረግን የገባን በአንድ ጊዜ ነው።

ጓደኞቼ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነው። ቁልፍ የያዘች ጠባቂ ወደ አባቴ ሄዳ በትሕትና ጫማውን አመለከተችው። አባቴ ስፔናዊቷን በአማርኛ «ይቅርታ እመቤት፣ ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነው» ሲላት ሰማሁ። ክቡ ግድግዳ ድምፁን ጆሮዬ ድረስ አመጣው። እኔ ቶሎ ጫማዬን አጥልቄ ካርዶቼን አወጣሁ።

«ይቅርታ፣ ልጀምር» አልኩ ለፕሮፌሰሯ።

የመጀመሪያውን ካርድ አነበብኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ። ዓይኔን አንስቼ አባቴን አየሁ። ጫማውን እያሰረ ተቀምጦ ይሰማኛል፤ ግን ያንን ፊቱን አውቀዋለሁ። ተሳፋሪ ስለ አክሲዮን ገበያ ሲያወራው በትሕትና አንገቱን የሚነቀንቅበት ፊት ነው። አልገባውም። ሦስተኛው ካርድ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ነርሲንግ፣ አልኩ በልቤ፤ አለቀ።

«ረድኤት» አለች ፕሮፌሰር ማርሲያ። «ካርዶቹ ይቆዩ። አንቺና አባትሽ ሳትነጋገሩ ጫማችሁን አወለቃችሁ። እሱ ወደ ግራ ሄደ፣ አንቺ ወደ ቀኝ። ለምን?»

ፊቷን አየሁት። መስማት የምትፈልገው ምን እንደሆነ ልፈልግ ሞከርኩ፣ አጣሁት። ባላውቀው ጊዜ የቀረኝ የማውቀውን መናገር ብቻ ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን መስሎን ነው» አልኩ። «የእኛ ቤተ ክርስቲያን።»

ካርዶቹን ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸውና ነገርኳቸው። አሜሪካ ከመምጣታችን በፊት አባቴ የትውልድ አገሩ ወስዶ ስላሳለመኝ ክብ ቤተ ክርስቲያን። ጫማ ከደጅ እንደሚቀር፤ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ እንደሚቆሙ። የኦክላንዱ ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ የሌላ ሰዎች የነበረ፣ ክብ ያልሆነ ሕንጻ ቢሆንም ሥርዓቱ ግን እንዳለ መሆኑን። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ክብ ሆኖ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ አለው። መቅደሱ ዝግ ነው፤ ከካህናት በቀር ማንም አይገባም። ሕዝቡ በዙሪያው ይቆማል፣ በክብረ በዓል ይዞራል። «ይሄ ቤተ መንግሥት ደግሞ» አልኩ፣ «ከውጭ አራት ማዕዘን፣ ከውስጥ ክብ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን እንደ ካልሲ ተገልብጦ ማለት ነው።»

አባቴ ካልሲውን አየ።

«አሳዪን» አለች ፕሮፌሰሯ።

ወንዶቹን ወደ አባቴ ላክኋቸው። ሴቶቹን ከእኔ ጋር አቆምኩ። ከዚያ «አሁን እንዞራለን» አልኳቸውና በበረንዳው ዙሪያ ተሰልፈን ዞርን። አባቴ ወንዶቹን እየመራ፣ በአገሩ ሽማግሌ እርምጃ፣ ቀስ ብሎ። ዲዬጎ የሚባለው ልጅ ሊያልፈው ሲል በእጁ ያዝ አድርጎ «ስሎው፣ ስሎው፣ ባስ አያመልጥህም» አለው። አምዶቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። ድንጋያቸው ጠጠር እንደተዘራበት ዝንጉርጉር ነው። በእያንዳንዱ አምድ መካከል ያው ሜዳ ከሌላ ጎን ይታያል። ስንጨርስ ሁሉም ወደ ሜዳው ያዩ ነበር። የሚስቅ አልነበረም።

«እሺ፣ መካከሉስ?» አለች ቪቪያን። «እዚህ መካከሉ ላይ ምን አለ?»

«ምንም» አልኩ። ስናገረው ነው የሰማሁት። «ምንም የለም። የተከለከለም የለም።»

ከመጣን ጀምሮ ሜዳው ላይ አንድ እግሬን እንኳ አላሳረፍኩም ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ እየሄደ መካከሉ ላይ ፎቶ ይነሳል፤ እኔና አባቴ ግን ከበረንዳው ንቅንቅ አላልንም። አሁን መሄድ እንዳለብኝ አወቅሁ። በሕይወቴ ሙሉ አትለፊ የተባልኩትን መስመር የማልፍ ነበር የመሰለኝ። ሄድኩ። መካከሉ ላይ ደርሼ ዞር ስል፣ ለመናገር አፌን ስከፍት፣ የራሴ ድምፅ ከዙሪያው ሁሉ ተሰብስቦ ጎልቶ ወደ እኔ ተመለሰ። እዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሰው የራሱን ድምፅ እንደዚያ ይሰማል። እኔ ድምፄ ይህን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አልፈራሁም።

«ክፍል ውስጥ ይሄን ቤት ሳጥን ብለነዋል» አልኩ። «እኔም እንደዚያ ብዬ ጽፌ ነበር። አባቴ ግን ዛሬ በሩ ጋ ሌላ ስም አወጣለት። ኢን-ሎው ነው አለ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የሳን ሆዜና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው፤ ኢን-ሎው ምን እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም።

«እኔ ያደግሁት ኢን-ሎው ውስጥ ነው» አልኩ። «በሰው ግቢ የሚኖር ሰው፣ ምንም ጉልበት ቢኖረው፣ የሚገባው በሰው በር ነው። ይሄ ንጉሥ የዓለምን ግማሽ ይገዛ ነበር ይባላል። ግን እዚህ የደረሰው የሙሮቹን በር አልፎ፣ በእነሱ ግንብ ተጠብቆ፣ የእነሱን ውኃ ጠጥቶ ነው። ገንዘቡም የእነሱ ነው፤ እዚህ የቀሩት ሙሮች ልብሳቸውንና ልማዳቸውን እንዳይነጠቁ ግብር ይከፍሉ ነበር፣ በዚያ ነው የተሠራው። ይሄ ግፍ ነው። ግን ግፉን የሠራው ሰው አልተመቸውም። አንድ ሌሊት እንኳ አልኖረበትም። ቤቱ ለብዙ መቶ ዓመታት በክፍሎቹ ላይ ጣሪያ ሳይኖረው ቆየ። መካከሉን ለራሱ ነበር ያሠራው፤ የዓለም መካከል እኔ ነኝ ሊል። አሁን ማን ቆሟል? እኔ ቆሜያለሁ። ኮረብታው ላይ የሙሮቹን ቤተ መንግሥቶች ለማየት ቲኬት ያስፈልጋል፤ እዚህ ክብ ውስጥ ለመግባት ግን ማንም ምንም አልጠየቀንም። ባለቤቱ ቀረና መካከሉ የመጣ ሰው ሁሉ ቦታ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ቤት መሥራት እፈልጋለሁ። ንጉሡ ሳያስበው የሠራውን፣ እኔ አስቤበት።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ድምፄ ቀድሞኝ ወጣ። ከዚያ አባቴ፣ ራቅ ካለው አምድ ሥር፣ ለዲዬጎ በእንግሊዝኛ «ኢን-ሎው ያልኩት እኔ ነኝ» ሲለው ተሰማ። ሁሉም ሳቀ፤ አጨበጨቡልኝ፤ ያቺ ቁልፍ የያዘች ጠባቂ እንኳ፣ ቋንቋውን ትስማው አትስማው እንጃ፣ አጨበጨበች። ፕሮፌሰር ማርሲያ ብዙ አላለችም። «ይሄን ቤት ለዓመታት ሳጥን ስል ነው ያስተማርኩት። ደግሜ ማሰብ ሊኖርብኝ ነው» አለች። ለእኔ ግን ገና አላለቀም። ፈራጄ ሌላ ነው።

«አባዬ» አልኩ በአማርኛ፣ ከመካከሉ ሳልነቃነቅ። «ገባህ?»

ከበረንዳው ጫፍ መጥቶ ቆመ። ሜዳውን አየ፣ እግሩን አየ።

«እዚያ ልገባ?»

«ግባ። ተፈቅዷል።»

«ጫማዬን ላውልቅ?»

«አታውልቅ፣ ሴትዮዋ ትቆጣለች።»

እንደ ልጅ ሳቀና ገባ። ቀስ ብሎ፣ አሁንም በዚያ የዑደት እርምጃው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መካከሉን ከሩቅ ሲሳለም የኖረ ሰው ነው። አጠገቤ ሲደርስ ቀኝ እጁን አናቴ ላይ ጫነና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በዚያ በሚያስተጋባው ቦታ ላይ፣ ድምፁን ሳይቀንስ መረቀኝ።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

«አሜን» አልኩ። ክቡም አሜን አለ።

«እጅሽ የነካው ይቁም።»

«አሜን።»

ሦስተኛው ላይ ብቻዬን አልነበርኩም። ዲዬጎ «አሜን» አለ፤ ቪቪያን ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም፣ በግራም በቀኝም ከቆሙበት።

«የሠራሽው ቤት ለሰው መጠጊያ ይሁን።»

«አሜን።»

«በሰው ግቢ ያሳደግሁሽን ልጄን፣ ሰው በነፃነት የሚገባበትን ግቢ የምትሠሪ ያድርግሽ።»

ይሄኛውን አሜን እኔ አልቻልኩም፤ እንባዬ ቀደመኝ። እነሱ አሉልኝ። የተባለውን አልሰሙትም፣ ግን አሜን የሚባልበትን ቦታ አውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ሥር ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆነን አባቴ ለእናቴ ኮል አደረገላት። ሳን ሆዜ ገና ጠዋት ነበር፤ ለሥራ እየወጣች ነው።

«አዎ፣ ሰማኋት» ይላል። «አይ፣ ነርሲንጉ ቀርቷል። ገባኝ ነው የምልሽ። እንዴት አልገባኝም? ስሚ፣ ልንገርሽ፤ ከውጭ አራት ማዕዘን ነው፣ ከውስጥ...» ብሎ ጀመረና፣ በነፃው እጁ አየር ላይ ክብ እየሠራ፣ የተናገርኩትን አንድም ሳያስቀር ነገራት። የንጉሡን ጣሪያ ጨመረላት፣ የአምዶቹን ጠጠር ጨመረላት፣ አንበሳው የነከሰውን ቀለበት እንኳ «ለጌጥ ነው፣ ያኔ እንደዚያ ነበር» ብሎ አስረዳት። እናቴ በመጨረሻ የተናገረችው ከስልኩ ወጥቶ ለእኔም ተሰማኝ።

«እሺ። እንግዲያው እኛ የምንሠራበትን ዓይነት ቤት ትሥራ። እዚያ ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ አሮጊቶቹ መሐል ላይ ይደክማቸዋል።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከመካከላችሁ እንደ እኔ የሰው ፊት እያነበበ የሚመልስ ይኖራል። እኔ ያንን ጠባይ ግራናዳ ጥዬው መጣሁ ብል ዋሸኋችሁ፤ አሁንም መምህር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ። ግን ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሁለተኛ ጥያቄ ተጨምሮልኛል፤ እኔስ እዚህ ደጅ ላይ ምን አወለቅሁ፣ ለምን? ብዬ እጠይቃለሁ። ያፈርኩበት ነገር ነበር መልሴ። ካርዶቹ ያቃታቸውን ባዶ እግር ተናገረው። አባቴም ተከትሎኝ ባይመጣ ኖሮ፣ እኔ ብቻዬን ጫማዬን ቶሎ አጥልቄ ማንም ሳያየኝ አልፌው ነበር። ከማዶ ሌላ ጫማ የሌለው እግር ስላየሁ ነው ስሕተቴ ስሕተት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

በፎል አርክቴክቸር እጀምራለሁ። በፕሮፌሰር ማርሲያ ክፍል የመጨረሻው ሥራችን አንድ ትንሽ ቤት መንደፍ ነበር፤ ቦታውን እንድንመርጥ ተፈቀደልን። እኔ የአሮጊቷን ባክያርድ መረጥኩ። ሎሚ ዛፉን ሳልነካ፣ መካከሉን ክፍት አድርጌ፣ ክፍሎቹን በዙሪያው አደረግሁ፤ አሮጊቷም በራሳቸው በር፣ እኛም በራሳችን በር ወደዚያ መካከል እንድንወጣ። ሥዕሉን ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቼ ስሠራ አባቴ ከሥራ ገባና መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ጣቱን መካከሉ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ምን አለ?»

«ምንም። ክፍት ነው።»

«ጣሪያስ?»

«የለውም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶታል። ጣቱን ቀስ ብሎ ከመካከሉ ወደ በሩ አመጣና እዚያ ቆመ።

«ጫማ የት ነው የሚወለቀው?» አለ።

ረስቼዋለሁ። እርሳሴን ቀርጬ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ለብዙ ሰው የሚበቃ ቦታ አወጣሁለት።